ከ18,574 ብር ላይ የሚጎድለው 45 ሳንቲም፦ ኒውትሪኖ እንዴት ይመዘናል?

ሙዝ፣ ድንች ወይም ባቄላ የበላ ሰው ፖታሲየም በልቷል። ከዚያ ፖታሲየም ውስጥ ኢምንት የምትባለው እጅ ራዲዮአክቲቭ ናት። በአንድ አዋቂ ሰው ሰውነት ውስጥ በየሰከንዱ 4,000 ያህል የፖታሲየም አቶሞች ይፈርሳሉ። አብዛኞቹ ሲፈርሱ ሁለት ነገር ያስወነጭፋሉ፤ አንድ ኤሌክትሮንና አንድ ኒውትሪኖ። ኤሌክትሮኑ እዚያው ሥጋችን ውስጥ ይቆማል። ኒውትሪኖው ግን ቆዳችንን፣ ግድግዳውን፣ ተራራውን አልፎ ይሄዳል። አቅጣጫው ወደ ታች ከሆነ መሬትን በአንድ ወገን ገብቶ በሌላው ይወጣል። የሚያስቆመው ነገር የለም ማለት ይቻላል።

ይህ አፈራረስ ቤታ ዲኬይ ይባላል። በዚህ መንገድ የሚወጣው ኒውትሪኖ በትክክለኛ ስሙ አንቲኒውትሪኖ ነው። ለእኛ ጉዳይ ልዩነቱ ስለማያስቸግር ኒውትሪኖ እያልኩ እቀጥላለሁ። በትምህርት ቤት «መጠነ ቁስ» የተባለውንም እንደ ገበያው ሰው «ክብደት» እለዋለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄው አጭር ነው። ኒውትሪኖ ስንት ይመዝናል? ከተጠየቀ 90 ዓመት አልፎታል። ትክክለኛው ቁጥር ዛሬም አልተገኘም። ያለን ወለልና ጣሪያ ነው። ወለሉ፣ ዜሮ አለመሆኑ ነው። ጣሪያውን ደግሞ በ2025 ኤፕሪል ወር ሳይንስ በተባለው መጽሔት የታተመ አንድ ሥራ ዝቅ አድርጎታል። ኒውትሪኖ ከ0.45 ኤሌክትሮን ቮልት አይበልጥም ይላል።

ኤሌክትሮን ቮልት የጉልበት መለኪያ ነው። አንድ ኤሌክትሮን በአንድ ቮልት ሲገፋ የሚያገኘው ጉልበት ማለት ነው። በአንስታይን ቀመር ክብደትና ጉልበት እርስ በርስ ስለሚመነዘሩ፣ የፊዚክስ ሰዎች የጥቃቅን ነገሮችን ክብደትም በዚሁ ይናገራሉ። ኤሌክትሮን ራሱ 511,000 ኤሌክትሮን ቮልት ይመዝናል። ስለዚህ ኒውትሪኖ ከኤሌክትሮን ቢያንስ በሚሊዮን እጥፍ ይቀላል።

ይህን ሥራ ስከታተል የሚገርመኝ አንድ ነገር አለ። በዚህ ሙከራ ኒውትሪኖውን ማንም አይዘውም፣ ማንም አያየውም። የሚመዘነው በጎደለ ሒሳብ ነው። ያ ሒሳብ ደግሞ ዛሬ ከሰማይ ከሚመጣ ሌላ ሒሳብ ጋር ሊተያይ ነው። ሁለቱ ሒሳቦች ካልተስማሙ ስለ ዩኒቨርስ የምናምነው አንድ ትልቅ ነገር መታረም ይኖርበታል።

ጉልበቱ የት ገባ?

ነገሩ የተጀመረው በ1914 ነው። ጀምስ ቻድዊክ የሚባል ወጣት እንግሊዛዊ በርሊን ውስጥ፣ ከቤታ ዲኬይ የሚወጡ ኤሌክትሮኖችን ጉልበት ለካ። የሚጠበቀው አንድ ቁጥር ነበር። አንድ ዓይነት አቶም ወደ ሌላ ዓይነት ሲቀየር የሚለቀቀው ጉልበት የተወሰነ ነው። ስለዚህ ኤሌክትሮኑ ሁልጊዜ ያንኑ ያህል ይዞ መውጣት ነበረበት። ቻድዊክ ያገኘው ግን ሌላ ነው። አንዱ ኤሌክትሮን ብዙ ይዞ ይወጣል፣ ሌላው ጥቂት፣ የሚበዙት መሃል ላይ። በዚያው ዓመት ጦርነት ፈነዳና ቻድዊክ ጀርመን ውስጥ ታሰረ። እስከ ጦርነቱ ማብቂያ እዚያው ቆየ። እንቆቅልሹም አብሮት ቆየ።

ብዙዎች መጀመሪያ ያሰቡት፣ ኤሌክትሮኑ ሙሉውን ይዞ ይነሳል፣ መንገድ ላይ ግን ያባክነዋል የሚል ነበር። በ1927 ካምብሪጅ ውስጥ ኤሊስና ዉስተር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ይህን በብልሃት ፈተኑት። ራዲዮአክቲቩን ነገር ኤሌክትሮን በማያሳልፍ ዕቃ ውስጥ ከደኑትና የወጣውን ሙቀት በሙሉ ለኩ። ጉልበቱ መንገድ ላይ ባክኖ ከሆነ እዚያው ዕቃ ውስጥ ሙቀት ሆኖ መገኘት አለበት። አልተገኘም። የተገኘው ሙቀት ከሚጠበቀው ሲሶ ያህል ብቻ ነበር። የቀረው በእርግጥ ጠፍቷል።

ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ጉልበት አይፈጠርም አይጠፋም የሚለው ሕግ የፊዚክስ ምሰሶ ነው። በአቶም ጥናት ስመ ጥር የሆነው ኒልስ ቦር እንኳ፣ ሕጉ በአቶም እምብርት ውስጥ ላይሠራ ይችላል እስከ ማለት ደርሶ ነበር።

ቮልፍጋንግ ፓውሊ የተባለ የፊዚክስ ሰው ግን ሕጉን አልለቅም አለ። በዲሴምበር 4 ቀን 1930 ቱቢንገን ከተማ ለተሰበሰቡ ባልደረቦቹ ከዙሪክ ደብዳቤ ላከ። «ውድ ራዲዮአክቲቭ እመቤቶችና ክቡራን» ብሎ ይጀምራል። ራሱ ያልመጣው በዚያ ሰሞን ዙሪክ ውስጥ የዳንስ ግብዣ ስለነበረበት ነው። በደብዳቤው ላይ፣ ከኤሌክትሮኑ ጋር አንድ ሌላ የማይታይ ነገር አብሮ ይወጣ ይሆናል አለ። ኤሌክትሪክ የለውም፣ ክብደቱ ከኤሌክትሮን ጋር የሚቀራረብ ነው፣ የጎደለውን ጉልበት ይዞ የሚሄደው እሱ ነው። መፍትሔው ተስፋ የቆረጠ ሰው መፍትሔ መሆኑን እዚያው ጽፎታል።

ለዚህ ነገር ቲዎሪ የሠራለት ኤንሪኮ ፌርሚ ነው፤ በ1934 ገደማ። ፌርሚ ቲዎሪውን ሲያወጣ አንድ ሌላ ነገር አብሮ አሳየ። የኤሌክትሮኖቹን ጉልበት በግራፍ ብታስቀምጡት፣ የግራፉ መጨረሻ ጫፍ ቅርፅ በኒውትሪኖው ክብደት ይወሰናል። ዛሬ በብዙ ሚሊዮን ዩሮ የሚሠራው ሥራ ይህችኑ ጫፍ ማየት ነው። ኒውትሪኖ ራሱ ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘው እንኳ ከዚያ በኋላ ነው፤ በ1956፣ አሜሪካ ውስጥ፣ ራይነስና ካዋን በኒውክሌር ማብላያ አጠገብ ባስቀመጡት መሣሪያ። እንዴት እንደሚመዘን የታወቀው ከመገኘቱ ከሃያ ዓመት በፊት ነበር ማለት ነው።

የሁለት ወንድማማቾች ክፍፍል

ጫፏ ለምን ይህን ያህል አስፈላጊ እንደሆነች በብር ላስረዳ። የምንጠቀመው ትሪቲየም የሚባለውን ራዲዮአክቲቭ ሃይድሮጅን ነው። አንድ የትሪቲየም አቶም ሲፈርስ የሚለቀቀው ጉልበት 18,574 ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ነው። 18,574 ብር በሉት። ይህን ገንዘብ ሁለት ወንድማማቾች ይካፈሉታል። አከፋፈላቸው ሥርዓት የለውም። አንድ ቀን አንዱ ብዙ ይወስዳል፣ ሌላ ቀን ሌላው። ታላቅየው ኤሌክትሮን ነው። በዋናው በር ይወጣል፤ ኪሱን ፈትሸን እንቆጥርበታለን። ታናሽየው ኒውትሪኖ ነው። በጓሮ ይወጣል፤ ማንም አይፈትሸውም።

ታናሽየው ምንም ክብደት ከሌለው፣ አልፎ አልፎ ባዶ እጁን ሊወጣ ይችላል። ያን ቀን ታላቅየው ሙሉውን 18,574 ብር ይዞ እናገኘዋለን። ታናሽየው ክብደት ካለው ግን ባዶ እጁን መውጣት አይችልም። ክብደት ራሱ ጉልበት ነውና፣ ለመኖር ብቻ የግድ የሚከፍለው አለ። ይህ ክፍያ 45 ሳንቲም ቢሆን፣ ታላቅየው ምንም ዕድለኛ ቢሆን ከ18,573 ብር ከ55 ሳንቲም በላይ ይዞ አይገኝም። የምንፈልገው ያቺን ሳንቲም ነው። የ2025ቱ ውጤት፣ ክፍያው ከ45 ሳንቲም አይበልጥም የሚል ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘለል ነገር አለ። የመጨረሻው ኤሌክትሮን ስንት ብር እንደያዘ አይቶ ከ18,574 መቀነስ ብቻ ይመስላል። እንደዚያ አይደለም። ጠቅላላ ድምሩ በሳንቲም ደረጃ በደንብ ስለማይታወቅ ድምሩም ከዚያው መረጃ ይወጣል። የኒውትሪኖውን ክብደት የሚናገረው የጫፏ ቅርፅ ነው፤ ቀስ ብላ ትወርዳለች ወይስ ወደ መጨረሻው ቆረጥ ትላለች የሚለው።

ችግሩ ታላቅየው ሁሉንም ሊወስድ ምንም ያህል የማይቀረው በጣም አልፎ አልፎ መሆኑ ነው። ከ10 ትሪሊዮን የትሪቲየም መፍረሶች ውስጥ ወደ መጨረሻዋ አንድ ኤሌክትሮን ቮልት የሚደርሱት 2 ያህል ብቻ ናቸው።

ትሪቲየም የተመረጠውም ለዚህ ነው። ድምሩ ትንሽ ነው፤ ድምሩ ባነሰ ቁጥር ጫፍ የሚደርሱት ኤሌክትሮኖች ድርሻ ይጨምራል። ግማሽ ዕድሜው 12.3 ዓመት ስለሆነ በፍጥነት ይፈርሳል፤ በጥቂት ጋዝ ብዙ መፍረስ ይገኛል። ከሃይድሮጅን ወገን በመሆኑም አሠራሩ ቀላል ነው፤ ቲዎሪው በደንብ ይሰላል።

ዜሮ እንዳልሆነ በምን አወቅን?

ፊዚክስ ለብዙ ዓመታት ኒውትሪኖን ክብደት የለሽ አድርጎ ነው የያዘው። ይህ በ1998 ተቀየረ። ጃፓን ውስጥ በተራራ ሆድ የተቀበረው ሱፐር ካሚዮካንዴ የተባለው የውሃ ጋን፣ ኒውትሪኖዎች በጉዞ ላይ ዓይነታቸውን እንደሚቀይሩ አሳየ። ሦስት ዓይነት ናቸው፤ አንዱ ዓይነት ሆኖ የተነሳው ሌላ ሆኖ ይደርሳል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ካናዳ ውስጥ ያለው የሰድበሪ ጣቢያ ከፀሐይ በሚመጡት ላይ ይህንኑ አረጋገጠ። ታካኪ ካጂታና አርተር ማክዶናልድ በ2015 የኖቤል ሽልማት ያገኙበት ነው። እንዲህ ያለ መለዋወጥ ክብደት ከሌለ አይሆንም።

ነገር ግን ይህ ግኝት የሚሰጠው የክብደቶቹን ልዩነት ነው። እንጦጦ ከፒያሳ ምን ያህል ከፍ እንደሚል ለክቶ፣ ፒያሳ ከባሕር ወለል በላይ ስንት ሜትር ላይ እንዳለች አለማወቅ ማለት ነው። ከልዩነቱ ተነስቶ ማለት የሚቻለው፣ ከሦስቱ ከባዱ ቢያንስ 0.05 ኤሌክትሮን ቮልት ይመዝናል የሚለውን ነው። ከ5 ሳንቲም እስከ 45 ሳንቲም ያለው ክልል ገና ጨለማ ነው።

9,000 ኪሎ ሜትር የዞረው ጋን

ጣሪያውን ወደ 0.45 ያወረደው ሙከራ ካትሪን ይባላል። ያለው ደቡብ ምዕራብ ጀርመን፣ በካርልስሩኸ የቴክኖሎጂ ተቋም ግቢ ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ 70 ሜትር ይረዝማል። ትልቁ አካሉ የኤሌክትሮኖችን ጉልበት የሚለየው ስፔክትሮሜትር ነው፤ 23 ሜትር ርዝመት፣ 10 ሜትር ወርድና 200 ቶን ክብደት ያለው የብረት ጋን።

ጋኑ የተሠራው ዴገንዶርፍ በምትባል የባቫሪያ ከተማ ነው። ከካርልስሩኸ በመኪና 400 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው። ግን እንዲህ ያለ ዕቃ በየትኛውም አውራ ጎዳና አያልፍም። ስለዚህ በዳኑብ ወንዝ ወደ ጥቁር ባሕር ወረደ። ከዚያ ሜዲትራኒያንን አቋርጦ፣ በጂብራልታር ወጥቶ፣ አትላንቲክን ታክኮ ወደ ሰሜን ወጣ። በመጨረሻም በራይን ወንዝ ሽቅብ ተጉዞ ደረሰ። ወደ 9,000 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። በኖቬምበር 2006 መጨረሻ ከወንዙ ወደ ተቋሙ ሲወሰድ በመንደር መሃል አለፈ። የዚያን ቀን ፎቶ ያየ ሰው አይረሳውም። ጋኑ የቤቶቹን ግድግዳ ሊነካ ምንም አልቀረውም፤ ሕዝቡ ግራና ቀኝ ቆሞ ያያል።

ይህ ሁሉ ብረት ለምን አስፈለገ? ሥራው እንደ ዳገት ነው። በአንደኛው ጫፍ 10 ሜትር በሚረዝም ቱቦ ውስጥ በጣም የቀዘቀዘ የትሪቲየም ጋዝ አለ። እዚያ በየሰከንዱ 100 ቢሊዮን ያህል አቶሞች ይፈርሳሉ። ኤሌክትሮኖቹ በማግኔት እየተመሩ ወደ ጋኑ ይሄዳሉ። ጋኑ ውስጥ 18,600 ቮልት የሚጠጋ ተቃራኒ ኤሌክትሪክ ይጠብቃቸዋል። ይህ ዳገቱ ነው። ጉልበት ያነሰው እግሩ ይዝልና ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ዳገቱን የጨረሰው ብቻ ወደ ማዶ ያልፋል፤ እዚያ መሣሪያ ይቆጥረዋል። ቮልቱን ትንሽ ከፍ፣ ትንሽ ዝቅ እያደረጉ የሚያልፉትን መቁጠር ነው ሥራው።

ኤሌክትሮኖቹ ግን ከጋዙ ሲወጡ ወደ ሁሉም አቅጣጫ ነው የሚበተኑት። በሰያፍ የሚሄደው ዳገቱን የሚወጣው በከፊል ጉልበቱ ነው፤ የቀረውን ወደ ጎን በመሽከርከር ያባክነዋል። ስለዚህ ሁሉንም ወደ ፊት ማቅናት ያስፈልጋል። መንገዱ የማግኔቱን ጉልበት ቀስ በቀስ በብዙ ሺህ እጥፍ ማሳሳት ነው። ማግኔቱ ሲሳሳ ጨረሩ እንደ ወንዝ ይሰፋል፤ ኤሌክትሮኖቹም ይቃናሉ። ለዚያ ስፋት ቦታ ሲፈለግ ጋኑ ቤት የሚያህል ሆነ። በጋኑ ዙሪያ ደግሞ ከጋኑ የሚሰፉ ትላልቅ የሽቦ ቀለበቶች ተተክለዋል። የመሬትን የራሷን ማግኔት ማስተካከል ከሥራቸው አንዱ ነው። ኮምፓሳችንን የምታዞረው ያቺ ደካማ ማግኔት እዚህ ልኬቱን ታበላሻለች።

ጋኑ ውስጥ አየር የለም ማለት ይቻላል። ከምንተነፍሰው አየር በ100 ትሪሊዮን እጥፍ ገደማ የሳሳ ነው። ትሪቲየሙም ወደ ጋኑ እንዲገባ አይፈለግም። ገብቶ እዚያ ከፈረሰ የሐሰት ቆጠራ ይሆናል። መንገድ ላይ ፓምፖች ይመጡታል። የተረፈውን የሚይዘው ወደ 270 ዲግሪ ከዜሮ በታች በቀዘቀዘ ቱቦ ግድግዳ ላይ የተጋገረ የአርጎን ጋዝ በረዶ ነው። በጠዋት ሣር ላይ እንደሚታየው ውርጭ አስቡት። ጋዙ ሲነካው ተጣብቆ ይቀራል፤ ኤሌክትሮኖቹ በመሃሉ ያልፋሉ።

ከራዶን ጋር የተደረገው ትግል

ካነበብኩት ሁሉ ልቤን የነካው ይህ ክፍል ነው። ምክንያቱም ትልልቅ ውጤቶች የሚገኙት በዚህ ዓይነት ልፋት ነውና።

ማሽኑ ሥራ ሲጀምር ከሚጠበቀው በላይ የሐሰት ኤሌክትሮኖች ይቆጠሩ ነበር። ትሪቲየም በሌለበት ጊዜም ቆጠራው አይቆምም። ከየት ይመጣሉ? አንዱ ምንጭ ራዶን ነው። ራዶን በተፈጥሮ ከድንጋይና ከአፈር የሚወጣ ራዲዮአክቲቭ ጋዝ ነው። እዚህ ግን የሚወጣው አየሩን ከሚያጸዱት ፓምፖች ራሳቸው ነበር። በጣም የቀዘቀዙ የመዳብ መከላከያዎች ተተከሉበትና ጥቂት ሲቀር ተያዘ።

ሁለተኛው ምንጭ የበለጠ የተደበቀ ነው። ጋኑ ሲሠራና ሲገጠም በአየር ውስጥ ያለ ራዶን ግድግዳው ላይ ዘሩን ትቶ ነበር። ራዶን ፈርሶ ፈርሶ ራዲዮአክቲቭ እርሳስ ይሆናል፤ የዚያ እርሳስ ግማሽ ዕድሜ 22 ዓመት ነው። እርሳሱ ብረቱ ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል። የሱ ዘሮች ሲፈርሱ ከግድግዳው አቶሞችን ያፈናጥራሉ። እነዚህ አቶሞች ኤሌክትሪክ ስለሌላቸው ማግኔትም ቮልትም አያግዳቸውም። ጋኑ መሃል ይደርሱና የግድግዳው ሙቀት ብቻ ኤሌክትሮን ያስለቅቃቸዋል። ያ ኤሌክትሮን ደግሞ ከእውነተኛው አይለይም።

ግድግዳውን አጥቦ መጨረስ አይቻልም። የተመራማሪዎቹ መላ የዳገቱን ጫፍ ማዛወር ሆነ። ማግኔቱንና ኤሌክትሪኩን አስተካክለው፣ ጉልበት የሚለካበትን ቦታ ከጋኑ መሃል ወደ መቁጠሪያው አስጠጉት። በዚያ ቦታና በመቁጠሪያው መሃል ያለው ክፍተት ሲጠብ የሐሰት ቆጠራውም በግማሽ ያህል ቀነሰ። 

የተገኘው ቁጥር ምን ይላል?

ካትሪን በ2018 ተመረቀ። የመጀመሪያው ውጤት በ2019 ወጣ፤ ከ1.1 ኤሌክትሮን ቮልት አይበልጥም የሚል። በ2022 ወደ 0.8 ወረደ። በ2025 የታተመው 0.45 የመጣው ከ259 ቀን ልኬት ነው። በዚህ ጊዜ ለትንተና የዋሉት ኤሌክትሮኖች 36 ሚሊዮን ናቸው። አካፍላችሁ ብታዩት በሰከንድ አንድ ወይም ሁለት ነው። በየሰከንዱ ከሚፈርሱት 100 ቢሊዮን ውስጥ ለቁም ነገር የሚበቃው ያ ብቻ ነው። ከካትሪን በፊት ማይንዝ ውስጥና ሩሲያ ትሮይትስክ ውስጥ የተሠሩት ሙከራዎች የደረሱበት ጣሪያ 2 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ነበር።

የውጤቱን ዝርዝር ያነበበ ሰው ግራ የሚያጋባው ነገር ያገኛል። ከግራፉ በቀጥታ የሚወጣው ክብደቱ ሳይሆን የክብደቱ ካሬ ነው። የ2025ቱ ካሬ ደግሞ ከዜሮ በታች ነው፤ ኔጌቲቭ 0.14። ካሬ እንዴት ከዜሮ በታች ይሆናል? የስህተት ክልሉን ስታዩ ይገባል። ክልሉ ያንኑ ያህል ስለሆነ ቁጥሩ ከዜሮ ጋር ይስማማል። ዜሮ አካባቢ ያለ ነገር በተደጋጋሚ ሲለካ አንዴ ከላይ አንዴ ከታች ይወድቃል። ያገኙትን ቁጥር ሳያስውቡ እንዳለ ማቅረባቸው እምነት ይጨምርልኛል።

እምነት የምለው በምክንያት ነው። በ1980 ሞስኮ ውስጥ አንድ ቡድን የኒውትሪኖን ክብደት አገኘሁ ብሎ ነበር፤ 30 ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ። ያ ቁጥር እውነት ቢሆን ኖሮ የጠፋውን የዩኒቨርስ ቁስ እንቆቅልሽ ሊፈታ ይችል ስለነበር ዓለም ተደሰተ። ትሪቲየሙን የያዙት ግን ውስብስብ በሆነ የአሚኖ አሲድ ሞለኪውል ውስጥ ነበር። በሌላ አገር የተሠሩ ሙከራዎች ሲከተሉ ያ ቁጥር አልተገኘም። ዛሬ እውነተኛው ቁጥር ከዚያ ቢያንስ በ60 እጥፍ እንደሚያንስ እናውቃለን።

ሰማይ ሌላ ይላል

አሁን ወደ ክርክሩ እንምጣ። ኒውትሪኖዎች በዩኒቨርስ ልጅነት በብዛት ተፈጥረዋል። ዛሬም በእያንዳንዷ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ውስጥ 330 ያህል አሉ ተብሎ ይሰላል። እንዲህ በዝተው ትንሽም ብትሆን ክብደት ካላቸው በጋላክሲዎች አሰፋፈር ላይ አሻራ ይተዋሉ። ፈጣን ስለሆኑ አንድ ቦታ አይከማቹም፤ ቁስ ሲሰባሰብ ያለዝቡታል። ስለዚህ የጋላክሲዎችን ካርታ በማየት ክብደታቸውን መገመት ይቻላል።

አሪዞና ተራራ ላይ ያለው፣ የጋላክሲዎችን ካርታ የሚሠራው ዴሲ የተባለው መሣሪያ በ2025 ማርች ያወጣው ውጤት የሚገርም ነው። ከጥንቱ የዩኒቨርስ ብርሃን መረጃ ጋር ሲጣመር የሦስቱ ኒውትሪኖዎች ድምር ከ0.064 ኤሌክትሮን ቮልት አይበልጥም አለ። ቀደም ብለን ያየነው የዓይነት መለዋወጥ ደግሞ ድምሩ ከ0.059 እንደማያንስ ይናገራል። በሁለቱ መሃል የቀረው ክፍተት ግማሽ ሳንቲም ነው። አንዳንድ ትንተናዎችማ ቁጥሩን ልቅ ሲያደርጉት ወደ ኔጌቲቭ ያዘነብላል፤ ክብደት ግን ኔጌቲቭ አይሆንም።

አንድ ሰው፣ ሰማይ ይህን ያህል አጥብቦ ከለካ ላቦራቶሪው ለምን ይለፋል ሊል ይችላል። የካትሪን ጣሪያ ሦስቱ ሲደመሩ 1.35 ያህል ነው፤ የሰማዩ ከሃያ እጥፍ በላይ ይጠብቃል። እኔ ግን መልሱ ግልጽ ይመስለኛል። የሰማዩ ቁጥር የሚቆመው በዩኒቨርስ ታሪክ ላይ ነው። ዩኒቨርስ እንዴት እንደሰፋ፣ የዩኒቨርስን መስፋፋት ያፋጥናል የተባለው ጥቁር ጉልበት ባሕርዩ ምን እንደሆነ አስቀድሞ መገመት አለበት። ያው ዴሲ ራሱ ጥቁር ጉልበት በጊዜ ሊለዋወጥ እንደሚችል ፍንጭ አግኝቷል። ያን ፍንጭ ሒሳቡ ውስጥ ሲያስገቡት ያ 0.064 ወደ 0.16 ይላላል። አንድ ግምት ሲቀየር ጣሪያው በሁለት እጥፍ ተኩል ወጣ ማለት ነው።

የካርልስሩኸው ሚዛን እንዲህ አይናወጥም። የሚያምነው ጉልበት አይጠፋም የሚለውን ሕግና የአንስታይንን ቀመር ነው። ስለ ጋላክሲ ምንም አይገምትም። ካትሪን ወይም ተተኪው ለምሳሌ 0.2 ኤሌክትሮን ቮልት ቢያገኝ፣ የሚወድቀው የሰማዩ ታሪክ ነው። ምንም ካላገኘ ደግሞ የሰማዩ ሰዎች ከማንም ያልተበደሩት ምስክር ያገኛሉ። ለዚህ ነው «ከዚህ አይበልጥም» የሚለውን ውጤት እንደ ባዶ እጅ የማላየው።

ከካትሪን በኋላ

የካትሪን የኒውትሪኖ ልኬት እቅዱ እስከ 2025 መጨረሻ 1,000 ቀን ያህል መረጃ መሰብሰብ ነበር። ሁሉም ሲተነተን ጣሪያውን ከ0.3 በታች እንዲያወርድ ይጠበቃል። ከዚያ በኋላ ማሽኑ ትሪስታን በተባለ አዲስ መቁጠሪያ ሌላ ሥራ ይጀምራል። በጫፏ ፈንታ ሙሉውን ግራፍ እያየ፣ ከሦስቱ ውጪ የሆነ ከባድ አራተኛ ኒውትሪኖ መኖር አለመኖሩን ይፈልጋል።

ከ0.3 ብዙ ወርዶ 0.05 ለመድረስ ግን በዚህ ዓይነት ማሽን ከባድ ነው። አንደኛ፣ ጋኑ ከዚህ በላይ ሊተልቅ አይችልም። ሁለተኛ፣ ትሪቲየሙ ሁለት ሁለት ሆኖ በሞለኪውል የተጣመረ ነው። አንዱ ሲፈርስ ሞለኪውሉ ይንቀጠቀጣል፣ ይሽከረከራል። ለዚህም ከጉልበቱ ላይ ይቀንሳል፤ መጠኑም በየጊዜው ይለያያል። በብሩ ምሳሌ፣ ከሁለቱ ወንድማማቾች ሌላ ቦርሳው ውስጥ እጁን የሚሰድ ሦስተኛ ሰው አለ። የሚወስደውም የምንፈልጋትን ሳንቲም ያህል ነው።

ፕሮጀክት 8 የተባለው ሙከራ ሁለቱንም ችግር በአንዴ ለመፍታት ተነስቷል። ሐሳቡ በ2009 የቀረበ ነው። ኤሌክትሮን በማግኔት ውስጥ ሲሽከረከር ደካማ የሬዲዮ ሞገድ ይለቃል። የሞገዱ ድግግሞሽ ኤሌክትሮኑ በያዘው ጉልበት ይለወጣል። እንደ ክራር ክር ነው፤ ድምፁን ሰምቶ ውጥረቱን ማወቅ ይቻላል። ድግግሞሽ ደግሞ የሰው ልጅ በጣም አጥርቶ ከሚለካቸው ነገሮች አንዱ ነው። ኤሌክትሮኑን ከጋዙ አውጥቶ ዳገት ማስወጣት አያስፈልግም፤ ባለበት ማዳመጥ ይበቃል። ቡድኑ የአንድ ነጠላ ኤሌክትሮንን ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማው በ2014 ነው። በ2023 ያወጣው የመጀመሪያ የትሪቲየም ጣሪያ 155 ኤሌክትሮን ቮልት ነበር። ከካትሪን ጋር ሲነጻጸር ሩቅ ነው፤ ግን ጣሪያው የተገኘው ከጋን ሳይሆን በእጅ ሊያዝ ከሚችል ትንሽ ክፍል ነው።

ሆልሚየም በተባለ ሌላ ራዲዮአክቲቭ ነገር የሚሞክሩም አሉ። የጣሊያኑ ሆልምስ በ2025 ከ27 ኤሌክትሮን ቮልት አይበልጥም ብሏል። ስልቱ ከቤታ ዲኬይ ትንሽ ይለያል፤ ኤሌክትሮን በማስወጣት ፈንታ አቶሙ የራሱን ኤሌክትሮን ይውጣል።

የፕሮጀክት 8 ግብ 0.04 ኤሌክትሮን ቮልት ነው። ለዚያ ሞለኪውሉን ከፍሎ ነጠላ የትሪቲየም አቶሞችን መጠቀም ያስፈልጋል። ነጠላ አቶም ግን ግድግዳ ከነካ ወዲያው ከሌላው ጋር ይጣመራል። ስለዚህ ቅዝቃዜ ሊደርስ ከሚችልበት የመጨረሻ ወለል በላይ አንድ ዲግሪ እንኳ እስከማይሞላ ድረስ አቀዝቅዞ፣ ምንም ግድግዳ ሳያስነኩ፣ በማግኔት ብቻ አየር ላይ አንጠልጥሎ ማቆየት የግድ ነው። ተመራማሪዎቹ አሁን የሚለማመዱት ይህንን ነው።